የወይባ ድንበር

በፎገራ ሜዳ ሁለት ሰዎች በመሬት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቆሙ፣ አንደኛው «ምን ያነታርከናል፣ ወንዙ ይለየን» ያለ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርጋል። ያን ጊዜ ባለጉዳዩ አንገቱን ደፍቶ ወንዝ ማለቱን ይተዋል። አባባሏን የማያውቅ የለም። ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ፍጻሜዋን አስቀድሞ ስለሚያወራው ታሪኩን ያበላሸዋል። ከመነሻው ሲነገር እንዲህ ነው።

ፈንቴ የሚባል ገበሬ ነበረ፤ አያልሰው የሚባል ጎረቤትም ነበረው። የሁለቱም አያቶች መሬት ቢጠባቸው ከደጋ፣ ወይባ ወንዝ ከሚፈልቅበት ጋራ፣ ወደ ሜዳው የወረዱ ሰዎች ናቸው። ወይባ ከዚያው ጋራ ተነስቶ፣ ገደሉን ወርዶ፣ ሜዳውን አቋርጦ ጣና ባሕር ይገባል። ክረምት ሲሞላ መልኩ የመነኩሴ ቀሚስ ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው ይላሉ። የፈንቴ ቤት ከወንዙ ወዲህ፣ የአያልሰው ቤት ከወንዙ ወዲያ አንዲት ጉብታ ላይ ነበር። አያቶቻቸው ሲወርዱ በሬውንም ሞፈሩንም ይዘው ወርደው ነበር፤ የነፍስ አባታቸውን ግን እዚያው ደጋ ትተዋቸው መጡ፤ ሌላም አልያዙም። ስለዚህ የልጅ ልጆቻቸውም ለንስሐ ሆነ ለጠብ የሁለት ቀን መንገድ ሽቅብ ይወጡ ነበር። በነፈንቴ ዘመን የነፍስ አባታቸው መምሬ አስረስ ነበሩ። መምሬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሜዳውን ግን ከጋራው ላይ ሆነው ከማየት በቀር ረግጠውት አያውቁም።

ቀድሞ የሁለቱ ቤተሰቦች ድንበር ድንጋይ ነበር። አያቶቹ ከውሃው ሰላሳ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ከአያልሰው ቤት ጉብታ ግርጌ ድንጋይ በተርታ ተክለው፣ ከየድንጋዩ ሥር አንድ አንድ እፍኝ ከሰል ቀብረው ነበር። ከሰል አይበሰብስም፤ ድንጋዩን ሰው ቢያነሳው፣ ውሃ ቢያንከባልለው፣ ከሰሉ ባለበት ሆኖ ይመሰክራል። አንድ ክረምት ታዲያ ጎርፍ መጥቶ ድንጋዮቹን አመሳቀላቸው። ፈንቴ «አንተ ነህ የገፋኸው» አለ፤ አያልሰውም «አንተ ነህ» አለ። ከሰሉን ቆፍሮ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እልህ የያዘው ሰው ግን ግማሽ ቀን ከመቆፈር አራት ቀን መሄድ ይቀለዋል። ሁለቱም ተያይዘው ደጋ ወጡ።

የደረሱት መምሬ አስረስ የቤታቸውን ክዳን ሊያስጠግኑ ሰው ሰብስበው ሳሉ ነው። ሣሩ ተከምሯል፤ ደመናው ከብዷል፤ ነገር ለመስማት የሚሆን ቀን አልነበረም። ቆመው ሰሟቸውና ፈገግ አሉ።

«ድንጋይ ሰው ያነሳዋል። እግዚአብሔር ያሰመረላችሁ መስመር እያለ በድንጋይ ትጣላላችሁ? ከዛሬ ጀምሮ ከወይባ ወዲህ ያለው የፈንቴ፣ ከወይባ ወዲያ ያለው የአያልሰው ነው። ይህን ያፈረሰ ውግዝ ይሁን።»

መስቀል አሳልመዋቸው ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ነገሩ እንጀራ ተቆርሶ እስኪበላ እንኳ አልፈጀም። ፈንቴ ከወንዙ ማዶ የነበረችው ሰላሳ እርምጃ መሬት ቀረችበት፤ ከጭቅጭቅ ትሻለኛለች ብሎ ተዋት። አያልሰውም ደስ አለው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ለመጀመሪያ ጊዜ እየተሳሳቁ ቁልቁል ወረዱ።

በሁለተኛው ክረምት ወይባ ወደ ፈንቴ ማሳ ጎበጥ አለ። መጀመሪያ ነገሬ ያለው የለም። ውሃው በወዲህ በኩል ዳርቻውን ከሥር እየሸረሸረ ይንደዋል፤ በወዲያ በኩል ደግሞ ያንኑ አፈር ለስላሳ ጥቁር ደለል አድርጎ ይከምረዋል። መስከረም ሲጠባ ፈንቴ ሁለት ጥማድ ያህል መሬት ጠፍቶት ወንዙ ዳር ቆመ። መሬቱ የትም አልሄደም፤ ማዶ ሆኖ ይታየዋል። አያልሰው ሽምብራ ዘራበት።

በዚያ ዓመት አያልሰው አፍሮ እሸቱን በአገልግል ላከለት። በሦስተኛውም ዓመት ላከ። በአራተኛው ተወው። ሰው ለጥቅም ቶሎ ይለምዳል፤ ለጎረቤቱ ጉዳት ደግሞ ከዚያም ቶሎ ይለምዳል። በስድስተኛው ዓመት ፈንቴ ወንዙ ዳር ቆሞ «ኧረ አያልሰው፣ ይህስ ግፍ ነው» ቢለው፣ አያልሰው ከማዶ ሆኖ ከእርፉ ቀና ሳይል «ሂድና ወንዙን ክሰሰው» አለው። ፈንቴ ያችን ቃል ዋጣት። አልተፈጨችለትም።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ችግሩን ያዩታል፤ እጃቸውን ግን አያስገቡም። የታሰረውን የሚፈታው ያሰረው ነው ይላሉ። መምሬ አስረስም አንድ ጊዜ መልእክት ቢደርሳቸው «ውሃ ከመንገዱ አይወጣም፤ ተጣልተው ነው እንዲህ የሚሉት» ብለው መልሰዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ወንዙ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ በፈንቴ ማሳ ውስጥ እንደ ቀለበት ዞረ። ፈንቴ በየመስከረሙ የቀረችውን መሬት ይለካል፣ በየጥቅምቱ አጥሩን ነቅሎ ወደ ኋላ ይተክላል፣ በየበጋው በረቱን ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። እጁ ለሥራ አልሰነፈም፤ ልቡ ግን ዛለ። በመጨረሻ ወንዙ ከቤቱ ደጃፍ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመ። ፈንቴ በዚያ ላይ ችካል ተከለና በየማለዳው እየወጣ ከደጃፉ እስከ ችካሉ ይራመድ ነበር። ቁጥሩ በበጋ እንደማይቀንስ እያወቀም ይቆጥራል። የሚመጣው ክረምት ቤቱን ወደ ማዶ እንደሚያሻግርበት፣ ያን ጊዜም ፍርስራሹ እንኳ በግዝት የአያልሰው እንደሚሆን ያውቃል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሚስቱ እንኮዬ «ወይ ሂድና ይፍቱን በላቸው፣ ወይ ተነስተን እንሂድ። እኔ ከእንግዲህ በረት አልሠራም» አለችው። ስንቁን ቋጥራ ሰጠችው። ሽቅብ ወጣ።

መምሬ አስረስ አርጅተዋል። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው ደጃቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው አገኛቸው። ነገሩን ሰሙትና በምርኩዛቸው እየተደገፉ ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ወንዝ ወሰዱት። ወይባ እዚያ ላይ በሁለት አለት መካከል የሚሮጥ፣ ጠጠሩ የሚቆጠር፣ አንድ ሰው እግሩን አንፈራጥጦ የሚቆምበት ቀጭን ውሃ ነው። ከላዩ የጽድ ግንድ ተጋድሞበታል።

«ይህን ግንድ ያጋደሙት አያቴ ናቸው» አሉ መምሬ። «እኔ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ወይባ ከዚህ ግንድ ሥር አንዲት ስንዝር ሲነቃነቅ አላየሁም። አንተ ግን ማሳዬን በላኝ ትለኛለህ።»

«አባቴ፣ እዚህ አለቱ ይዞታል። እኛ ዘንድ የሚይዘው የለም።»

«ውሃ ያው ውሃ ነው፣ ልጄ።»

«ወርደው ይዩት።»

«ጉልበቴን አታየውም?»

«አያለሁ አባቴ። የኔንም ይዩልኝ» አለ ፈንቴ። ለመድፈር አልነበረም፤ እውነቱን ነው። መሬት ላይ ቁጭ ሲል የሚነሳ አይመስልም ነበር።

መምሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ፈንቴ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ቤቴ ሲሄድ ቆሜ ከማይ እዚሁ ልሰንብት ብሎ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀመጠ። የሚያልፈው ሁሉ ተሳላሚ ይመስለውና ቁራሽ ይሰጠዋል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ቀን ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን የሰኔ ዝናብ ጋራውን ዋጠው። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። አመሻሽ ላይ መምሬ አስረስ ደበሎ ደርበው ወጡና፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ሰው ትክ ብለው አዩት።

«በል እንግዲህ፣ ነገ በቅሎዋን ጫንልኝ» አሉት። «አይቼው ልመለስ።»

የሁለት ቀኑ መንገድ በመምሬ ጉልበት ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ወይባ ከጎናቸው በገደሉ ውስጥ እያጓራ ይወርድ ነበር። ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መጠጋጋት ነበረባቸው። መምሬ ደስ ብሏቸዋል፤ ወንዙ አሁንም እሳቸው የሚያውቁት ወንዝ ነው። ፈንቴ ግን ውሃው መደፍረሱን፣ ግንድና ቅርንጫፍ እያላጋ ማለፉን አየ። ያ የትናንቱ ዝናብ ነው። ደራሹ ጎርፍ ቁልቁል ቀደማቸው። ፈንቴ በቅሎዋን መንዳት ፈለገ፤ ሽማግሌ የጫነች በቅሎ ግን አትነዳም። ልቡ ወዲያ እየሮጠ እግሩ ወዲህ አዘገመ።

በሁለተኛው ቀን ገደሉ አልቆ ከተራራው እግር ደረሱ። እዚያ ወይባ ጩኸቱን ቀነሰና በጠጠርና በአሸዋ ላይ ተበታተነ። አንዱ በአኻያው ሥር ይሄዳል፣ አንዱ በሾላው፣ ሌላው መሃል ለመሃል። መምሬ በቅሎዋን አቆሙ።

«የትኛው ነው ወይባ?»

«ሁሉም ናቸው፣ አባቴ።»

«ታዲያ የዚህ አገር ሰው በየትኛው ይካለላል?»

«የዚህ አገር ሰው እንደኛ አልተገዘተም» አለ ፈንቴ።

መምሬ አስረስ በቅሎዋን ነካ አድርገው ቀድመው ሄዱ። ደበሏቸውን ደርበው አንገታቸውን ቀበሩ። ሲያድሩ እንኳ ጸሎታቸውን ረዘም አድርገው፣ ከፈንቴ ዘወር ብለው አደረሱ።

በሦስተኛው ቀን ሜዳው ተከፈተ። አሁን ጩኸትም የለ፣ አለትም የለ። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ ውሃ ወዲህ ይታጠፋል፣ ወዲያ ይታጠፋል፤ የሚሄድም አይመስልም። ከሩቅ፣ ባሕሩ ዳር ያለው ደንገል እንደ አረንጓዴ ክር ይታያል። መምሬ ዳርቻው ላይ ቆመው ሲያዩት ከእግራቸው ሥር የቤት በር የሚያህል አፈር ተገምሶ ውሃው ውስጥ ገባ። ድምፁ እንኳ ያን ያህል አልነበረም።

«ይህ ወይባ አይደለም» አሉ መምሬ።

«ነው፣ አባቴ።»

«የኛው ወይባ ይጮኻል።»

«እዚህ ሲደርስ ይደክመዋል። ዝም ብሎ ይበላል እንጂ አይጮኽም።»

ወደ መንደሩ ሲቃረቡ እንኮዬ መንገድ ድረስ ወጥታ ጠበቀቻቸው። የመምሬን መስቀል ተሳለመችና የባሏን እጅጌ ጎተተች። ፊቷ ላይ ሣቅም ፍርሃትም ነበረበት።

«ወንዙ ተመለሰ» አለችው።

የፈንቴ ቤት ባለበት ነበር። ችካሉም ባለበት ነበር። ከችካሉ ቀጥሎ ግን የሚሄድ ውሃ የለም፤ የቆመ ኩሬ ብቻ ነው። ደራሹ ከትናንት ወዲያ መጥቶ በቀለበቱ መዞር እንደ ሰው ሰልችቶት ይመስላል፣ አቋራጭ ፈልጎ የቀለበቱን አንገት በጠሰው። ቀጥ ብሎም ከድሮው መንገዱም አልፎ፣ ከአያልሰው ጉብታ ጀርባ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተወሰደው የፈንቴ መሬት ሁሉ ደለሉን ለብሶ ወደ ወዲህ ተመልሷል። የአያልሰው ቤት፣ የአባቱ ቤት፣ ከነጎተራውና ከነበረቱ አብሮ ወዲህ ሆኗል። ከወይባ ወዲህ ያለው ደግሞ የፈንቴ ነው። ይህን ያፈረሰ ውግዝ ነው።

እንኮዬ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «አሁን አፍህን ያዝ። መምሬ ይባርኩንና ይመለሱ። የከሰስከው ወንዝ ካሰህ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ፈንቴ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስታውን ፈለገው፣ አላገኘውም። ያገኘው «ወንዙን ክሰሰው» የተባላትን፣ ያችን የዋጣትን ቃል ነው። ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ቆመች።

ሦስቱም በደለሉ ላይ አዝግመው ጉብታው ዘንድ ደረሱ። አያልሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሏል። የመኝታ ጀንዲውን ጠቅልሏል፣ ሞፈርና ቀንበሩን አውጥቶ አጥሩ ላይ አስደግፏል። ተነስቶ መስቀል ተሳለመና ወደ ፈንቴ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ውሃው ፈርዷል» አለ። «ለእኔ ሲፈርድ ተቀብዬዋለሁ፤ አሁን አልቀበልም አልልም። እስክወጣ ስንት ቀን ትሰጠኛለህ?»

ፈንቴ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ግን ዓይኑ በአያልሰው ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። አዲሱ ወንዝ በዚያ በኩል ጉብታውን ከሥር መገመስ ጀምሯል። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ውሃው ባለው መሬት ላይ አንድ አዲስ የተጠረበ ችካል ተተክሏል። ከግድግዳው እስከ ችካሉ እርጥቡ መሬት በእግር ዱካ ተደብድቧል፤ ሰው ሲመላለስበት የዋለ፣ ሲመላለስበት ያደረ ዱካ ነው።

«ስንት ነው?» አለ ፈንቴ።

አያልሰው ምን እንደተጠየቀ ወዲያው ገባው። «ትናንት ጠዋት አሥር ነበር። ዛሬ ዘጠኝ» አለ።

ፈንቴ ያን ዘጠኝ እርምጃ በዓይኑ ለካው። ቤቱን ቢወስድ የሚወስደው ይህንን ነው፤ መቁጠሩን። አሥራ አንድ ዓመት የቆጠረበት ድካም ሁሉ በአንድ ጊዜ እግሩ ላይ ወረደበት። ምላሱ ጫፍ ላይ የነበረችው ቃል ለማንም ሳትነገር ጠፋች።

«አባቴ፣ ይፍቱን» አለ።

መምሬ አስረስ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው አፈጠጡበት። «ወንዙ እኮ ላንተ ፈርዷል። ታዲያ ሦስት ቀን ያስወረድከኝ ለምንድን ነው?»

«ደክሞኛል፣ አባቴ። ዛሬ ለእኔ ፈረደ፣ ከርሞ ለእሱ ይፈርዳል። ያን ጊዜ እርስዎን የማመጣበት ጉልበት እኔም የለኝ፤ የሚመጡበትም እርስዎ የለዎት።»

እንኮዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ዞር አለች። መምሬ በበቅሏቸው ላይ አቀረቀሩ። ከዚያ ደግፉኝ ሳይሉ ወረዱ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግራና ቀኝ ደገፏቸው። ሽማግሌው በሁለቱ መካከል ቆመው ወንዙን አዩ፣ ውሃው የተወውን መታጠፊያ አዩ፣ ዘጠኝ እርምጃዋንም አዩ።

«ምንጩን ስላየሁ ወንዙን ያወቅሁት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ወንዙንም ያሰርሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያሰርሁት እናንተን ነው። እኔንም ይቅር በሉኝ። እግዚአብሔር ይፍታችሁ።»

ግዝቱ በዚህ ተፈታ። ድንበር ደግሞ ያለ ምልክት አይሆንምና አያልሰው ዶማውን አነሳ። ፈንቴ በአካፋ ተከተለው። ከጉብታው ግርጌ ቆፈሩ፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ምንም የለም፣ በሁለተኛው ምንም የለም። እንኮዬ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ የራሷን ዶማ ይዛ መጣች። ለማንም አንድ ቃል ሳትናገር ሦስተኛውን ጉድጓድ እሷ ጀመረች። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ከሰሉ ተገኘ፤ አያቶቻቸው እንደቀበሩት አንድ እፍኝ ሆኖ፣ ጥቁረቱ እንኳ ሳይለቅ። የፈንቴ መሬት እስከዚያ ድረስ ነበር። የአያልሰው ቤት ከዚያ በላይ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።

ወንዙ ቤቱን ሳይወስደው በማግስቱ ሁለቱም ተጋግዘው ጎተራውን ወደ ወዲህ አወረዱ። አያልሰው አዲስ ጎጆ ሊቀልስ የፈንቴን ደረቅ መሬት ጥግ ጠየቀ፤ ፈንቴም ለመከልከል አልበረታም፣ ሰጠው።

መምሬ አስረስ በቅሏቸው ላይ ሲወጡ አያልሰው ርካቡን ያዘላቸው። «አባቴ፣ ያን ጊዜ ‹ወይባ ይለያችሁ› ያሉት ፍርድ በአገሩ ሁሉ ተወርቷል። በሱ የተካለለ ሌላም ሰው አለ። ሲጠይቁን ምን እንበል?»

መምሬ ከጉድጓዱ ያነሷትን አንዲት ከሰል ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ከዚያ ውሃውን አዩት፤ ያ የደጋው ውሃ ሜዳው ላይ ተንጣሎ፣ ወደ ባሕሩ እያዘገመ፣ ከርሞ በየት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ያልፋል። «አስረስ ተሳስቶ ነበር በሏቸው» አሉ ሽማግሌው በቅሎዋን እያዞሩ፤ «በወንዝ የተካለለ፣ ከወንዝ ጋር ዋለለ።»